ከጥቂት ብር የተነሣ ሥራ
(በአገራችን የመረዳዳትና የትናንሽ ሥራዎች ታሪክ)

መግቢያ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለመታሰቢያው መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ዕድል ስለ ተሰጠን፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን ብንጽፍ ይሻላል ብለን በብርቱ ተነጋገርን። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ እኛ በዚያ ላይ የምንጨምረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከጉልት ተነሥታ ሱቅ ስለ ከፈተችው እናት፥ ሱቅ በደረቴ ይዞ ሲዞር ኖሮ መደብር ስለ ያዘው ነጋዴ፥ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ መንገድና ትምህርት ቤት ስለ ሠራው ሕዝብ የተጻፈው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ርእስ እርሱ ሆነ።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቻችን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከእኛ መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አለ፤ የማይገባም አለ። የማይገባው ወዴት ይሄዳል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ለሁሉ እንደማይበቃ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሥራ የሚቀጥረንን ብቻ ከምንጠብቅ፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያለ ብዙ ገንዘብ ሥራን እንዴት እንደ ፈጠሩ ብንመረምር ይበጀናል ብለን አሰብን።

አንድ ትንሽ ሥራ ይቆም ዘንድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው መነሻ ገንዘብ፥ ሁለተኛው እርስ በርስ የሚተማመን ሰው፥ ሦስተኛው የሠሩትን የማይነጥቅና የማያግድ ሕግ ነው። የአገራችንን ታሪክ በዚህ ሚዛን ብንመዝነው፥ አንዱ ዘመን አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ሲነሣ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፥ በሌላው አቆጣጠር የሆነውን እ.ኤ.አ. ብለን ለይተነዋል።

ባንክ ሳይኖር

በገጠር ያለው ሕዝባችን ባንክ የሚባል ነገር ከመስማቱ አስቀድሞ በደቦ፥ በወንፈልና በጅጊ ይረዳዳ ነበር። ዛሬ የአንዱ እርሻ ይታረሳል፥ ነገ የሌላው ሰብል ይታጨዳል። በዚህ ሥርዓት ብድሩ ጉልበት ነው፤ የሚመለሰውም በጉልበት ነው። ገንዘብ በእጅ የማይገኝበት አገር እንኳ አንዱ ለሌላው ዕዳ የሚገባበትና ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ነበረው ማለት ነው።

ገበያና ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ዕቁብ የጉልበቱን ልውውጥ ወደ ገንዘብ ለወጠው። የዕቁብን አሠራር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ቅሉ ጥበቡን ልብ ብሎ የተመለከተው ስንቱ ነው? ለምሳሌ ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ መቶ መቶ ብር ቢጥሉ በሳምንቱ ሁለት ሺህ ብር ይሰበሰባል። ዕጣ የወጣለት ሰው ሁለት ሺሁን ብር ይወስዳል፤ ሃያው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ደርሶታል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ ይቈጠራል፤ በመጨረሻው ሳምንት የደረሰው ደግሞ ሳያባክን እንዳጠራቀመ ይቈጠራል። አንዱ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ብድርም ቁጠባም ሆነ።

አስቀድሞ የወሰደው ሰው ቢጠፋስ? ለዚህ ዕቁብ ዋስ አለው። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ዳኛው ይመራል፥ ጸሐፊው ይመዘግባል፥ ሰነፉ ይቀጣል። እጅግ የቸገረው ሰው ቢኖር ዳኛውን ለምኖ ዕጣ ሳይጣል ሊሰጠው ይችላል፤ ወይም ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ይሸጥለታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ያለ ጠበቃና ያለ ፍርድ ቤት ነው። ለብዙ ነጋዴ የመጀመሪያው የዕቃ መግዣ፥ ለሸማኔው የድር መግዣ፥ ለልብስ ሰፊው የመኪናው መግዣ ከዚህ የተገኘ ነው።

ሆኖም የዕቁብን ምስጋና ስንናገር ጉድለቱን መሸፈን የለብንም። ዕቁብ የሚጥለው ያለው ሰው ነው። በየሳምንቱ መቶ ብር የሌለው ሰው ከመቶ ብሩ ዕቁብ አይገባም፤ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው እንግዳም ከበር ይመለሳል። እንደዚህ ያለው ሰው ሲጨንቀው የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነበር። የአራጣ ወለድ ደግሞ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይዞ የሚሄድ ነው።

ባለ እጅና ክብሩ

መነሻ ገንዘብ ቢገኝም ሥራው የተናቀ ከሆነ ማን ይሠራዋል? በአገራችን ረጅም ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፥ ሸክላ የምትሠራውና ልብስ የሚሸምነው ሰው በመጥፎ ስም ይጠሩ ነበር። ሕዝቡ በእነርሱ ማረሻ እያረሰ፥ በእነርሱ ድስት እየበላ፥ እነርሱ የሸመኑትን ለብሶ፥ መልሶ እነርሱን ይሰድብ ነበር። በልጅነቱ የተሰደበ ሰው ልጁን ሙያውን አያስተምርም፤ ስለዚህ ስድቡ ለሙያው መድከም አንድ ትልቅ ምክንያት ሆኖ ኖሯል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የሰውን ልማድ ባንድ ቀን አልለወጠም፤ ንቀቱ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል። ነገር ግን መንግሥት የአገር ልማት በእጅ ሥራ ላይ የቆመ መሆኑን በአደባባይ መናገሩ ራሱ ታላቅ እርምጃ ነው። ይህን የጻፍንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዛሬም ቢሆን ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ብየዳን፥ ልብስ ስፌትንና ምግብ አብሳይነትን ትምህርት ላልሆነለት ሰው የተተወ ሥራ አድርጎ የሚቈጥር አይጠፋም። ያ አሮጌው ስድብ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ልናውቀው ይገባናል።

ባንክ ሲመጣ

በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ይህ ባንክ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥልጣን ያለበት ስለ ነበረ፥ በ1923 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው። ከነጻነት በኋላም የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ ለእርሻና ለኢንዱስትሪ የሚያበድር የልማት ባንክም እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሠረተ።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ባንክ የሚያበድረው መያዣ ላለው ሰው ነው። ቤት ያለው ቤቱን፥ ርስት ያለው ርስቱን አስይዞ ይበደራል፤ የጉልት ነጋዴዋ ምን ታስይዝ? ስለዚህ በከተማው መካከል ትልቁ የባንክ ሕንፃ ቆሞ ሳለ፥ በመርካቶ ጓሮ ዕቁቡ እንደ ቀድሞው ይጣል ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ አልተገናኙም። በኋላ ዘመን የመጣው የብድርና የቁጠባ ተቋም ሁሉ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ዕድር፤ ከቀብር አልፎ

ዕድር በአዲስ አበባ መታየት የጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ ሆነና በጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እየተስፋፋ እንደ ሄደ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። ከየአገሩ መጥቶ በከተማ የሰፈረ ሰው ዘመድ በቅርቡ የለውም፤ ሲሞት ማን ይቀብረው? ስለዚህ ጎረቤት ዘመድ ሆነ። በየወሩ እየተዋጣ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ብረት ድስትና ሳሕን ተገዛ፤ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ለሐዘንተኛው ቤተ ሰብ በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ይሰጣል።

ዕድር ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ምን እንደሚመስል ለሕዝባችን ያስተማረ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የተጻፈ ደንብ አለው፤ ሊቀ መንበር፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በድምፅ ይመረጣሉ፤ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ የሚበቃው ደኸየና የናጠጠው ሀብታም ለቀብር እኩል ይቆማሉ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች እንኳ የስብሰባን ሥርዓት፥ የድምፅን ብልጫና የሒሳብን ጥያቄ የተማሩት በዕድር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ዕድር ዓላማውን ለመለወጥ መቻሉ ነው። የኤች አይ ቪ ኤድስ በሽታ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከተሞቻችንን ባስጨነቀ ጊዜ የቀብሩ ብዛት የዕድሮችን ካዝና አራቈተ። በዚያን ጊዜ ብዙ ዕድሮች ቆም ብለው አሰቡ። ሰው ከሞተ በኋላ ከምንረዳው በሕይወቱ ሳለ ብንረዳውስ አሉ። ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መጠየቅና መርዳት፥ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ደብተርና ምግብ ማቅረብ፥ ለመበለቶችም የሥራ መነሻ መስጠት ጀመሩ። ለሞት የተቋቋመው ማኅበር የሕይወት ማኅበር ሆነ።

መንገድ የሠሩ ማኅበሮች

በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ያደረጉት ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በንግድና በጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ለመስቀል ወደ አገራቸው ሲገቡ መንገድ ባለመኖሩ ይቸገራሉ፤ የአገራቸው ምርትም ገበያ ሳይደርስ ይቀራል። መንግሥት እስኪያስታውሰን እንጠብቅ አላሉም። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ሌላው የጉራጌ ወገንም ለራሱ አገር እንዲሁ አደረገ። ሕዝቡ ባዋጣው ላይ የመንግሥቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት እርዳታ እየታከለበት ሥራው ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሊስትሮ ሣጥን ከተሸከመው ልጅና ከባለ መደብሩ የተዋጣ ገንዘብ እንዴት ሳይጠፋ መንገድ ሊሆን ቻለ? መልሱ ከላይ የተናገርነው ነው። እነዚህ ሰዎች አስቀድመው በዕቁብና በዕድር ተለማምደዋል። ለማን እንደሚያምኑ፥ ማንን እንደሚቈጣጠሩ፥ የማያዋጣውን እንዴት እንደሚያሳፍሩ ያውቃሉ። ትልቁ ማኅበር የትንንሾቹ ልጅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች አነጋገር ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

በጥር 1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም በትምህርት ቤት፥ በመንገድና በክሊኒክ ሥራ ላይ ተሠማርቶ ብዙ አባሎችን አፍርቶ ነበር። ነገር ግን የዘመኑ መንግሥት ስለ ተጠራጠረው እ.ኤ.አ. በ1967 ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ከዚህ የምንማረው ሦስተኛው ነገር፥ ማለትም ሕግና ነጻነት፥ በጎደለ ጊዜ ገንዘቡም መተማመኑም ብቻቸውን የማይበቁ መሆናቸውን ነው።

ከሌላው ዓለም የመጣ ትምህርት

መተባበር የእኛ አገር ብቻ ጠባይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1844 ሸማኔዎች ያሉባቸው ሃያ ስምንት ሰዎች አንዳንድ ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጡት ዱቄት፥ ቅቤ፥ ስኳር፥ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። ልዩ ያደረጋቸው ግን ደንባቸው ነው። አንድ አባል ብዙ ቢያዋጣም ድምፁ አንድ ነው፤ ትርፉ የሚከፈለው ከሱቁ በተገዛው ልክ ነው፤ በሚዛን ማታለልና ዕቃ መደባለቅ ክልክል ነው፤ በዱቤ አይሸጥም። ዛሬ በዓለም ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበሮች መመሪያ ከዚህች ሱቅ የወጣ ነው።

በባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሐመድ ዩኑስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ መምህር ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ድሆች በጠቅላላው 27 ዶላር ብቻ የሚያህል ገንዘብ አበደሩ። ያለ መያዣ የተሰጠው ብድር ስለ ተመለሰላቸው ሥራውን አስፋፍተው እ.ኤ.አ. በ1983 ግራሚን ባንክን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም ከባንኩ ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ የዕቁብ ዋስ ትዝ አለን። ድሀ መያዣ ባይኖረው ጎረቤት አለው የሚለውን ነገር አያቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበርና።

በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበርን በሕግ ማቋቋም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 241/1958 ወጣ። የመጀመሪያውን የቁጠባና የብድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ከደመወዛቸው ጥቂት እየተቈረጠ ይጠራቀማል፤ የቸገረው አባል በአነስተኛ ወለድ ይበደራል። ከዚህ በኋላ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችም ተከተሏቸው። ዕቁብ የመዝገብና የሕግ ልብስ ለበሰ እንበል።

እርዳታ ሲሳሳት

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ ለገበሬዎች የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፤ ገበያም አመቻቸ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ የባለ መሬቱ እንጂ የጭሰኛው አልነበረም። እርሻ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ለድሀው የታሰበው እርዳታ ድሀውን ከመሬቱ አስነሣው።

ይህ ታሪክ ለማንኛውም በጎ አድራጊ ማስጠንቀቂያ ነው። ገንዘብና ዕውቀት መስጠት ብቻ አይበቃም፤ የሚገኘው ፍሬ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በትእዛዝ የተቋቋመ ማኅበር

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሆነ። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 መሠረት የግል ነጋዴ በችርቻሮ ከ200,000 ብር፥ በጅምላ ከ300,000 ብር፥ በኢንዱስትሪም ከ500,000 ብር የበለጠ ካፒታል እንዳይኖረው ተወሰነ። ትንሽ ሥራ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር በሕግ ታዘዘ ማለት ነው። አንድ ዛፍ ከዚህ በላይ አትደግ ቢባል ሥሩን ለምን ይሰዳል? እ.ኤ.አ. በ1977 የእደ ጥበባትንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎችን ልማት የሚከታተል መሥሪያ ቤት ቢቋቋምም፥ ባለ እጁ ጥሬ ዕቃም ብድርም በቀላሉ የሚያገኘው በማኅበር ሲገባ ነበር። ዕድሮችም በአዲሶቹ ቀበሌዎች ጥላ ሥር ስለ ዋሉ ከቀብር ሥራ በላይ ብዙ እንዳይራመዱ ሆኑ።

በገጠር የተቋቋሙት የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ገበሬው መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ አድርጎ በጋራ እንዲያርስ የሚጠይቁ ነበሩ። መንግሥት በግብርና በዕቃ አቅርቦት አድልቶ ቢደግፋቸውም ሕዝቡ በልቡ አልተቀበላቸውም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ባወጣና ማኅበሮቹ በፈቃድ ሊፈርሱ ይችላሉ በተባለ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ፈረሱ። ገበሬው መሬቱንና በሬውን ተከፋፍሎ ወደ ቤቱ ገባ።

እስቲ ሁለቱን እናነጻጽር። ማንም ያላዘዘው ዕቁብ በንጉሡም ዘመን፥ በደርግም ዘመን፥ ከዚያም በኋላ ኖረ። መንግሥት በሙሉ ኃይሉ የደገፈው የአምራቾች ማኅበር ግን ትእዛዙ በተነሣ ጊዜ አብሮ ተነሣ። ልዩነቱ የገንዘብ ብዛት አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ሰው ራሱ የመሠረተውን ይጠብቃል፤ የተጫነበትን ግን ሸክም ነውና ሲመቸው ያወርደዋል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የግል ባንኮች ተፈቀዱ። አዋጅ ቁጥር 40/1988 የአነስተኛ ብድር ተቋሞችን ሕጋዊ አደረገ። በአማራ፥ በትግራይ፥ በኦሮሚያና በሌሎችም ክልሎች የተቋቋሙት የብድርና የቁጠባ ተቋሞች ተበዳሪዎችን በቡድን እያደራጁ፥ አንዱን ለሌላው ዋስ እያደረጉ ለብዙ ድሆች አበደሩ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ አድገው ባንክ ሆነዋል፤ የአማራው ጸደይ ባንክ፥ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ ተብሏል። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበሮች በአባሎቻቸው ፈቃድ እንዲቋቋሙ መሠረት ጣለ፤ የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ አገር ለመሸጥ የበቁት ከዚህ በኋላ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ የተባሉትን ሥራዎች የሚረዳ የፌዴራል መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋቋመ።

ነገር ግን ችግሩ ሁሉ ተወግዷል አንልም። ወጣቶች ብድርና የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት ሲሉ የማይተዋወቁ አምስትና ስድስት ሰዎች ሆነው ይደራጃሉ፤ ብሩ በእጅ ሲገባ ይጣላሉ። አንዱ ሲጠፋ ዕዳው በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል። ይህም የሚያሳየው የዕቁብን ዋስ ወስዶ የዕቁብን ትውውቅ መተው እንደማይቻል ነው። ሼድ ተሰጥቶት ገበያ ያጣ፥ ዕቃ ሠርቶ ጥሬ ዕቃ የተወደደበትም ብዙ ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም መንገድ እንዲሁ ወጣ ገባ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበሮች ከውጭ አገር የሚያገኙት ገንዘብ ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ ብዙዎቹ ሥራቸውን ለመለወጥ ወይም ለመዝጋት ተገደዱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ገደብ አነሣ። ሁለቱም አዋጆች ግን ዕድርንና ዕቁብን ከሕጉ ውጭ አድርገው ተዉአቸው። አሮጌዎቹ ማኅበሮች እንደ ቀድሞው በራሳቸው ደንብ ይተዳደራሉ።

በዚህ ዘመን ታሪክ ውስጥ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ስም ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። እርሳቸው በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ በረኃብ የተጎዳውን ሕዝብ አይተው ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። የሕፃናቱ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ልመና አልወጡም፤ ቆሎና እንጀራ እያዘጋጁ በመሸጥ ማሳደግ ጀመሩ። በኋላ ይህ ሥራ ሕጋዊ ማኅበር ሆኖ ትምህርት ቤትና የሙያ ማሠልጠኛ እስከ ማቋቋም ደረሰ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። የእርሳቸው ታሪክ ለእኛ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው፤ ትንሹ ንግድና በጎ አድራጎቱ በአንዲት እናት እጅ አንድ ላይ ተገናኝተዋልና። ቆሎው ባይሸጥ ሕፃኑ ባላደገ ነበር።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኛ አራት ነገር አግኝተናል።

አንደኛ፥ መነሻው ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም። የሮችዴል ሱቅ በሃያ ስምንት ፓውንድ፥ የግራሚን ባንክ በሃያ ሰባት ዶላር፥ የእናታችን የአበበች ሥራ በቆሎ ሽያጭ ተጀመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ ከገንዘቡ በፊት መተማመን ይቀድማል። መተማመንም የሚጸናው በመዝገብ ነው። የዕድር ጸሐፊ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት የሚያነበው አባሎቹ ስለሚጠረጥሩት አይደለም፤ እንዳይጠራጠሩት ነው። ከመካከላችን ማኅበር ለማቋቋም የሚያስብ ቢኖር ከማኅተም አስቀድሞ የሒሳብ ደብተር ይግዛ።

ሦስተኛ፥ በፈቃድ ያልቆመ ማኅበር አይጸናም። የሚረዳ መንግሥትም ሆነ የውጭ አገር ድርጅት ሕዝቡ አስቀድሞ በያዘው ላይ ቢጨምር እንደ ዓለም ገናው መንገድ ይሳካለታል፤ የሕዝቡን ትቶ የራሱን ቢተክል ግን እንደ አምራቾቹ ማኅበር ይፈርስበታል።

አራተኛ፥ አሮጌው መረዳዳት ራሱ በሩን ማስፋት አለበት። ዋስ የሌለው እንግዳ፥ መዋጮ የጎደላት መበለት፥ በሙያው የተናቀ ባለ እጅ ከደጅ እንደ ቀሩ የምናመሰግነው ኅብረት ሙሉ አይሆንም። በበሽታው ዘመን ደንባቸውን የለወጡት ዕድሮች ይህ የሚቻል መሆኑን አሳይተዋል።

የተወደዳችሁ የትምህርት ቤታችን ልጆች! ከዚህ ግቢ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት እንይዛለን። ያ ወረቀት ሥራ ቢያስገኝልን እሰየው፤ ባያስገኝልን ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። ማንበብ፥ መጻፍና ሒሳብ መያዝ እናውቃለን፤ ያልተማሩት አያቶቻችን ያቋቋሙትን ዕቁብና ዕድር እኛ በተሻለ መዝገብ ልንመራው እንችላለን። እንዲሁም አብረን ብዙ ዓመት ስለ ተቀመጥን ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፥ ማን ሰዓቱን እንደሚያከብር፥ ማን የጎደለውን እንደሚሸፍን እርስ በርስ እንተዋወቃለን። ከላይ እንዳየነው ዋስ ማለት እርሱ ነው። ይህን ትውውቅ ሳንበትነው ብንጠብቀው፥ በሚመጣው የምሥረታ በዓል ለሚጽፉት ታናናሾቻችን እኛም የምንነገር ታሪክ ይኖረናል።